ጭብጨባ ምጽዋት አይደለም

አንድ የባሌት ማኅበር የዓመቱን ትርኢት ፈጽሞ መጋረጃውን በሚዘጋበት በመጨረሻው ምሽት የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ አበባ ይቀርባል፤ ተወዛዋዦቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅ ይነሣሉ። በማግሥቱ ግን ሐያስያን ብዕራቸውን አንሥተው ማን በሚገባ እንደ ዘለለ፣ ማን ከሙዚቃው ወደ ኋላ እንደ ቀረ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ጭብጨባውም ክብር የሚሆነው ይህ ፍርድ ስለሚከተለው ነው።

ዓይነ ስውራን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱና ሙሉ አካል ያላቸው ሰዎች አብረው የሚሠሩባቸው ትንንሽ ማኅበራት የዓመታቸውን መዝጊያ ሲያከብሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው ሌላ ዐይነት ጭብጨባ ነው። ትርኢቱ ገና ሳይጀመር ዐይኑ እንባ ያቀረረ ተመልካች ይቀበላቸዋል፤ ሲፈጸምም «አይ ምስኪኖች፤ ይህንንም ያህል ይችላሉ?» ይባላል፤ በማግሥቱ ስለ ሥራቸው ደግና ክፉ የሚጽፍ እምብዛም አይገኝም። እኛ በዚህች ጽሑፍ የምንቃወመው ይህንኑ ጭብጨባ ነው።

ተከራካሪዎቻችን በመጀመሪያ የሚያነሡት፣ «ባሌት ፍጹም አካል ይጠይቃል፤ ሥርዐቱም ከጥንት የተወሰነ ነው» የሚለውን ነው። ከጥንት የተወሰነው ምን እንደ ሆነ እንመልከት፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዳንስ አካዳሚን በፓሪስ ያቋቋመው በ1661 ነው። በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ግን እስከ 1681 ድረስ ዳንስን ሙያቸው ያደረጉ ሴቶች አይወጡም ነበር፤ የሴቲቱን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ማሪ ታልዮኒ በ1832 «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት በእግር ጣት ጫፍ መቆምን የሥነ ጥበቡ መለያ አደረገችው። ስለዚህ ዛሬ ባሌት ሲባል አስቀድማ በሐሳባችን የምትመጣው ሴት ትናንት ከደጅ ቆማ የነበረችው ናት። ያን ጊዜ በሩን የዘጉባትም «ሥርዐቱ ነው» ሳይሉ አልቀሩም።

አካልስ ቢሆን? የኩባዋ አሊሲያ አሎንሶ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለች የዐይኗ ብርሃን ይደክም ጀመር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአልጋ ላይ በቆየችባቸው ወራት የ«ጂዜል»ን እርምጃ በጣቶቿ ትለማመድ ነበር። በ1943 ይህንኑ ባሌት በኒው ዮርክ ተጫወተች፤ በ1948ም በሃቫና የራሷን ማኅበር መሠረተች። የመድረኩ መብራቶች ያለችበትን ቦታ ያመለክቷት ነበር፤ አብረዋት የሚጫወቱትም በተወሰነላቸው ስፍራ በትክክል ይገኙላት ነበር። እንዲህ ሆና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ስትጫወት ዓለም የመዘናት በጂዜልነቷ እንጂ «ለዓይነ ስውር ደኅና ነች» በሚል ሚዛን አልነበረም።

ሁለተኛው ክርክር «የማያይ ሰው በመስተዋት ፊት የሚሰጠውን ትምህርት እንዴት ይቀበላል?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከብራዚል መጥቷል። ፌርናንዳ ቢያንኪኒ በ1995 በሳን ፓውሎ ከተማ በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባሌት ማስተማር ስትጀምር ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበር። ተማሪዎቿ ክንዷንና እግሯን በእጃቸው እየዳሰሱ አቋሟን ወደ ራሳቸው አካል አመጡት። ከዚያ ክፍል የዓይነ ስውራን ባሌት ማኅበር ወጣ፤ በ2012ም በለንደን የፓራሊምፒክ ውድድር መዝጊያ ላይ ታየ። ከዚህ የምንረዳው፣ ጎድሎ የኖረው የማስተማሪያው ዘዴ መሆኑን ነው።

ነገሩ ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1973 በመድረክ ላይ ወድቃ ሽባ የሆነችው እንግሊዛዊት ተወዛዋዥ ሴለስት ዳንደከር ከአዳም ቤንጃሚን ጋራ በ1991 ካንዶኮ የተባለውን ማኅበር በለንደን አቋቋመች። ይኸው ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ የውዝዋዜ ቡድን ጋራ ሆኖ አካል ጉዳተኞች የሆኑና ያልሆኑ ወጣቶችን በአንድ ላይ አሠልጥኗል።

«ከመናቅ ማዘን አይሻልምን?» የሚለን ይኖራል። ርኅራኄን አንነቅፍም። ነገር ግን ምጽዋት የሚያከብረው ሰጪውን ነው፤ ተቀባዩንም የምስጋና ባለዕዳ ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ የደከመ ተወዛዋዥ የማንም ባለዕዳ አይደለም። ደግሞም በኀዘኔታ የሚጨበጨብለት ሰው ስሕተቱን የሚነግረው ስለማያገኝ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። በአንድ የትምህርት ዓመት መዝጊያ በዓል ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ግጥሙን ሊያነብ በአራት ሰዎች ሸክም የአዳራሹን ደረጃ ሲወጣ አይተናል። አንገቱን የደፋው እሱ ነበር፤ ልናፍር የሚገባን ግን እኛ ነበርን። ካነበበ በኋላ ከሁሉ አብልጠን አጨበጨብን። የግጥሙን ፍሬ ነገር ግን ማናችንም አላስታወስንም፤ ደረጃውም እንደ ነበረ አለ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ሐያሲው የነዚህን ማኅበራት ብርታትና ጉድለት እንደ ሌላው ሁሉ ይጻፍ። መምህሩ አካል ጉዳተኛውን ተማሪ በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ከጥግ አያስቀምጠው፤ ዘዴ ይፈልግለት። ባለሥልጣኑም የአዳራሹ ንድፍ ሲቀርብለት የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ መኖሩን ሳያይ አይፈርም፤ ለተወዛዋዡም የርዳታ ፍርፋሪ ሳይሆን የድካም ዋጋ በበጀት ይያዝለት። ይህ ሲሆን፣ የትርኢቱ ወራት ባበቃበት ምሽት፣ አንባቢ ሆይ፣ ያማረ ከሆነ ተነሥተህ አጨብጭብ፤ ካላማረህም ተቀምጠህ ቆይ። እሱም ከማክበር ይቈጠራል።