ፕሮጀክቱን እኛው እናቅርብ፦ ስለ ፓይተን የተማሪዎች ፕሮጀክቶች የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በሾኔ ከተማና በአካባቢዋ የምንሠራ የኮምፒውተር መምህራንና የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች ከአማካሪ ጋር በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ስለሚሠሯቸው ፕሮጀክቶች ተወያይተን የሚከተለውን የማኅበራችንን አቋም አውጥተናል።

መነሻ

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 «ሰመር ኦፍ ኮድ» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። የክፍት ምንጭ ድርጅቶች የፕሮጀክት ሐሳቦችን ይዘረዝራሉ፤ አመልካቹ አንዱን መርጦ ወይም የራሱን ሐሳብ ይዞ ፕሮፖዛል ያስገባል፤ ከተመረጠም አማካሪ ተመድቦለትና አበል እየተከፈለው ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዕድሉ ከተማሪዎች አልፎ 18 ዓመት ለሞላቸው የክፍት ምንጭ ጀማሪዎችም ተከፍቷል። የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ከነባር ተሳታፊዎቹ አንዱ ነው።

በአገራችን ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የኮዲንግ መሠረታዊ ትምህርትን በኢንተርኔት ይሰጣል። ሰርተፍኬት ግን መነሻ ነው። ባለሙያ የሚወጣው የጻፈው ኮድ በሌሎች ታይቶ፣ ተተችቶና ታርሞ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ልጆቻችን ለሰመር ኦፍ ኮድ ለማመልከት ሲነሡ የሚያገኙት ሌሎች ያሰቡትን ዝርዝር ነው። የእኛን ችግር እኛ ካላቀረብነው ሌላ አገር ያለ አማካሪ ሊያውቅልን አይችልም።

ክፍተቱ የት ነው?

ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ለተለዋዋጮች በግዕዝ ፊደል ስም መስጠትን ፈቀደ። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። መደበኛው የቀን ሞጁሉ ከ12 የሚበልጥ የወር ቁጥር አይቀበልም፤ ጳጉሜን ሲሰጠው ስሕተት ያወጣል። «፭ አኃዝ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ነው» የሚለው ፓይተን፣ ያንኑ ምልክት ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲቀይር ሲታዘዝ እምቢ ይላል። እምቢታው ልክ ነው፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለውና የምልክቱ ዋጋ በቦታው ስለማይወሰን ራሱን የቻለ መቀየሪያ ይፈልጋል።

በቃላት ትንተና በኩል ተመራማሪው ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም በፓይተን ተጽፎ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ይተነትናል። በላቲን ፊደል የሚጻፉት የአካባቢያችን ቋንቋዎች ሀዲይሳና ከምባቲሳም ተመሳሳይ ሥራ ይገባቸዋል።

ስለዚህ አቋማችን፦

1. በቅድሚያ ሦስት ፕሮጀክቶች ይቅረቡ። አንደኛው የተጀመሩ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያዎችን አጠናክሮ፣ በሁለት ቀናት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰላና ጳጉሜን 6ን በተገቢው ዓመት ብቻ የሚቀበል ላይብረሪ ነው። ሁለተኛው የግዕዝ አኃዝን የሚቀይር፣ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»ን የመሰሉ ሞክሼ ሆሄያትን በፍለጋ ጊዜ የሚያስተናግድ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው የሀዲይሳና የከምባቲሳ ቃላት መተንተኛ ነው።

2. ጀማሪ ተማሪ ቋንቋውን ራሱን እንዲለውጥ አይላክ። በፓይተን እምብርት ላይ የሚደረግ ትልቅ ለውጥ በጽሑፍ ሐሳብና በረጅም ክርክር የሚያልፍ ነው። በአንድ ክረምት ተሠርቶ የሚፈተሸው ራሱን የቻለ ላይብረሪ ነው።

3. እያንዳንዱ ፕሮጀክት ሁለት አማካሪ ይኑረው፤ አንዱ ከፓይተን ማኅበረሰብ፣ ሌላው የአካባቢውን ቋንቋና የዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ይሁን። አማካሪ ያልተገኘለት ሐሳብ ቢያምርም አይቅረብ።

4. ሰመር ኦፍ ኮድ ከሚፈቅዳቸው የ90፣ የ175 እና የ350 ሰዓት ፕሮጀክቶች በ90ው ይጀመር። የሥራው ጊዜ ሊራዘም ስለሚችል፣ መብራትና ኔትወርክ ለሚቋረጥበትና ሰኔ ላይ ፈተና ላለበት ተማሪ የተራዘመው ይጠየቅለት።

5. በሌላ ሰው ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጽፎ አመልካቹ ሊያብራራው የማይችለውን ፕሮፖዛል ማኅበራችን አይደግፍም።

ጥያቄያችን

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ካምፓሶቹ ያሉ የኮምፒውተርና የቋንቋ መምህራን በአማካሪነት እንዲሳተፉ እንዲያበረታታ እንጠይቃለን። የሾኔ ከተማ አስተዳደር ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩ የከተማዋ ልጆች ለክረምት ሲመለሱ የሚሠሩበት፣ ተጠባባቂ ጄኔሬተርና ኢንተርኔት ያለው አንድ ክፍል እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። የፓይተን ማኅበረሰብ ሐሳቦቻችንን በሌሎቹ መመዘኛ እንዲመዝናቸው እንጂ በልዩ አስተያየት እንዲያሳልፋቸው አንፈልግም።

የእኛ ግዴታ

ድርጅቶች ለሰመር ኦፍ ኮድ የሚያመለክቱት በጥርና በየካቲት ስለሆነ፣ የሦስቱን ፕሮጀክቶች ረቂቅ ከነመፈተሻ ምሳሌዎቻቸው በየዓመቱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እናዘጋጃለን። በመርሐ ግብሩ ባይመረጡም ረቂቆቹን ለማንኛውም ፈቃደኛ ክፍት አድርገን እናቆያለን፤ የሚቀርብልንንም ኮድ በየሳምንቱ እየመረመርን አስተያየት እንሰጣለን። ክፍት ምንጭ ለመሥራት የማንንም ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሾኔ