መርፌው ወዲህ በሉ

ወንድሜ «ኤሌክትሮኒክስ የወንድ ነው» ባይ ነው። ጃኬቴ እጅጌ ላይ ቀይ ኤልኢዲ ስሰፋ አይቶ ሳቀ። መርፌውን ሰጠሁት፤ ስፌቱ ላላ፣ መብራቱ ጠፋ። ቂ ቂ ቂ!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ልብስ ስፌት ነው። አሜሪካዊቷ ሊያ ቢክሊ የነደፈችው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣው ሊሊፓድ አርዱዊኖ እንኳ በብየዳ ፈንታ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ክር ይሰፋል። እኔ ክሩን ሳጣ ከተበላሸ ኢርፎን ቀጭን የመዳብ ሽቦ አወጣሁ። ጫፉ ላይ ያለውን ቫርኒሽ በክብሪት አቃጥላችሁ ፋቁት (መስኮት ክፈቱ!)። የቀረውን አትንኩት፤ ሽቦዎቹ ሲነካኩ ሾርት እንዳያደርጉ የሚጠብቀው እሱ ነው። ለአንድ ኤልኢዲ ክቧ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትበቃለች።

ጥልፍ እየጠለፋችሁ «ቴክኖሎጂ አይገባኝም» የምትሉ እህቶች ግን ታናድዱኛላችሁ። ወንድሜ ይኸው እስካሁን እየፈታ ይሰፋል።