ላቫጆ ለምትሰሩ ልጆቼ፦ ከሴራሚኩ በፊት አንዷን ሰም

ዛሬ ፖለቲካም ኳስም የለም። ስለ መኪና ሰም ነው የማወራው። «ቲቸር ደግሞ መኪና የለው፣ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ መኪና የለኝም። ነገር ግን ካስተማርኳቸው ልጆች መሃል ተደራጅተው ላቫጆ የከፈቱ፣ ተቀጥረው የሚያጥቡም ብዙ ናቸው። በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ ነገር ደግሞ ተመሳሳይ ነው፦ «ቲቸር፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመን ውለን ማታ ስንቆጥር ምንም የለም። ሴራሚክ ኮቲንግ ብንጀምርስ?»

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አሁን አትጀምሩ። ለአብዛኛው ላቫጆና ለአብዛኛው የሀገራችን መኪና የሚያዋጣው ጠርሙሱ ላይ «ክሊነር ዋክስ»፣ አንዳንዴም «ኦል ኢን ዋን» ወይም «ዋን ስቴፕ» ተብሎ የሚጻፈው ሰም ነው።

ይሄ ሰም ሶስት ስራ በአንዴ የሚሰራ ነው። በጣም ደቃቅ የሆነ የሚፈገፍግ ዱቄት አለው፤ የሞተውን የቀለም ገጽና ቀጫጭን ጭረቶችን ያነሳል። የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያሟሟ ፈሳሽ አለው። ታሽቶ ሲያልቅ ደግሞ የሰም ወይም የፖሊመር ሽፋን ትቶ ይሄዳል። በረጅሙ መንገድ ቢሆን መጀመሪያ በኮምፓውንድ፣ ቀጥሎ በፖሊሽ፣ መጨረሻ ላይ በሰም እየተባለ መኪናው ሶስቴ ይዞራል። በዚህኛው አንዴ ብቻ ነው የምትዞሩት።

እስቲ ሒሳቡን እንስራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡ።

እጥበት 200 ብር እንበል። ሁለት ልጆች ግማሽ ሰዓት ይሰሩበታል፣ ያ ማለት የአንድ ሰው አንድ ሰዓት ነው። ውሃና ሳሙና 40 ብር ሲቀነስ ለአንድ ሰው በሰዓት 160 ብር ይቀራል።

ሙሉ ፖሊሽ 8,000 ብር እንበል። አንድ ሰው ሁለት ቀን፣ ማለትም 16 ሰዓት ይሰራበታል። ዕቃው 1,200 ብር። 6,800 ለ16 ሲካፈል 425 ብር ነው።

ዋን ስቴፕ 2,500 ብር እንበል። አንድ ሰው ትንሽ መኪና ላይ 3 ሰዓት። ዕቃው 340 ብር። 2,160 ለ3 ሲካፈል 720 ብር።

አያችሁ? ዋጋው ትልቅ የሆነው ስራ ሰዓቱ ሲቆጠር አንሶ ተገኘ። ደግሞስ 8,000 ብር አውጥቶ መኪናውን ሁለት ቀን ጥሎላችሁ የሚሄድ ደንበኛ በወር ስንት ይመጣል?

እዚህ ጋ ግን ጆሯችሁን ስጡኝ። ያው የ3 ሰዓት ስራ 6 ሰዓት ከፈጀ 2,160 ለ6 ሲካፈል 360 ብር ይሆናል። ከሙሉ ፖሊሹ በታች ወረደ ማለት ነው! ሰሙ ብቻውን አያተርፍላችሁም። የሚያተርፍላችሁ አንዴ ዞሮ መቆም ነው። በር ላይ ያለች አንዲት ጥልቅ ጭረት ላይ አንድ ሰዓት የተጨቃጨቀ ልጅ የቀኑን ትርፍ በልቶታል። ጥፍራችሁን ስታሳልፉባት የምትይዝ ጭረት በዚህ ሰም አትጠፋም፣ እለፏት። ልጦ የተነሳ ቀለምም የቀለም ቀቢ ስራ ነው።

«ሴራሚኩስ?» ሴራሚክ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ግን ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በደንብ መስተካከል አለበት፤ ከስር የቀረው ጭረት እዛው ታሽጎ ይቀመጣል። አቧራ የማይገባበት ቤት ይፈልጋል። ከተቀባ በኋላም እስኪደርቅ ድረስ ውሃ እንዳይነካው ይጠበቃል። አብዛኛው ላቫጆ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ ይረጫል፣ በሌላ በኩል የመንገድ አቧራ ይነሳል። እዛ ላይ የተቀባ ሴራሚክ የማን ኪሳራ እንደሚሆን አስቡት።

የሀገራችንን መኪናም እዩት። ብዙው ዕድሜው የገፋ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ሰው ያለውን መኪና አክሞና አሳምሮ ነው የሚሰነብተው። በዚያ ላይ ጸሐዩ አለ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውጭ የሚያድር መኪና ኮፈኑና ጣሪያው መጀመሪያ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። የድሮ መኪና ኮፈን ላይ ጣታችሁን ብትጎትቱ ኖራ የመሰለ ዱቄት ይዞ ይመለሳል፣ የሞተ ቀለም ነው። ክሊነር ዋክስ በደንብ የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው እንዲህ ያለው ላይ ነው። ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ከሆነ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ይይዛል። ያ የሚጠበቅ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ነገር ግን በልኩ እሹ፣ ስፖንጁንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

አዲስ መኪና ላይ ያለው ክሊርም ቢሆን ከፀጉር ዘለላ አይወፍርም፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ነው። በኃይለኛ ኮምፓውንድ በየጊዜው ብትፈገፍጉት ያልቃል። በለስላሳው ማቆም የደንበኛውን ንብረት መጠበቅም ነው።

አሰራሩ ላይ የማትዘሉት ነገር አለ። መኪናው በደንብ ይታጠብና ይድረቅ። በእጅ ሲዳሰስ ከሻከረ ክሌይ በሚባለው፣ እንደ ሊጥ በሚለጠጠው ነገር ይጠረግ። ጥቁር ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ ሰሙ ከነካው ነጭ ሆኖ ይቀርና ማስለቀቁ ሌላ ስራ ነው። ጥላ ስር፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ ብቻ ስሩ። ከሁሉ በፊት አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ውጤቱንም ለባለቤቱ አሳዩት። እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ማሽን ዝም ብሎ ከሚሽከረከረው ይልቅ ለጀማሪ ይሻላል፣ ቀለም የማቃጠል ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየከፈላችሁ፣ ሰሙን በጠብታ እየቆጠራችሁ ቀቡ። ሰም ማብዛት መጥረግ ማብዛት ነው።

ደግሞ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ብዙውን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚያመጣው ራሱ ላቫጆው ነው። ጎማ ያጠበ ጨርቅ ተመልሶ ኮፈን ላይ ሲወጣ አሸዋውን ይዞ ነው። እኛው ጭረን፣ እኛው ለማጥፋት ብር መቀበል ነውር ነው። የጎማው ጨርቅና ባልዲ ለብቻ ይሁን፣ ደረቅ አቧራም በጨርቅ አይጠረግ።

«ቲቸር፣ አንዴ ዞሮ መጨረስ ማጭበርበር አይሆንም ወይ?» ያለኝ ልጅ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማጭበርበር የሚሆነው ያልሰራኸውን ሰራሁ ስትል ነው። ላሜራው ላይ ቅባት ነገር አብሶ «ፖሊሽ አርጌዋለሁ» የሚል አለ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ቅባቱ ይሄዳል፣ ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል። እናንተ ግን እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ድብዝዝ ያለው ይመለሳል፣ ቀጫጭኑ ጭረት አብዛኛው ይቀንሳል፣ ጥልቁ ግን ይቀራል። ሽፋኑ ለጥቂት ወራት እንጂ ለዓመታት አይቆይም።» ይህን ሰምቶ የከፈለ ሰው አይጣላችሁም። ከክረምቱ በፊት ግንቦት ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥር ሰርግ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ቋሚ ገቢ የምትሉት እሱ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ አንድ ማሽን፣ አምስት ስድስት ስፖንጅ፣ ንጹህ ማይክሮፋይበርና አንድ ጠርሙስ ክሊነር ዋክስ ይዛችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ የራሳችሁን ወይም የዘመድ መኪና ላይ ተለማመዱ። ከሁሉ በላይ ሰዓት ያዙ። በየመኪናው የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ደብተር ላይ ጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ ማካፈሉን እናንተው ትሰሩታላችሁ። ክፍል ውስጥ «ይሄ ሒሳብ የት ይጠቅመናል?» ትሉኝ የለ? ይኸው እዚህ!

በሙያው ያላችሁ ደግሞ የቀረውን ኮሜንት ላይ ጨምሩበት፣ ላቫጆ የሚሰራ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁም አጋሩት።

ቸር እንሰንብት።