«አሜሪካ ወሰነች» ሲባል የወሰነው ማን ነው?

አረጋውያን በሚሰበሰቡበት አንድ ማዕከል ቡና እየተጠጣ የሬዲዮ ዜና ይደመጥ ነበር። ዜናው እንዳበቃ አንድ አባት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ። ትናንት አሜሪካ ፈቀደች አሉ፤ ዛሬ አሜሪካ ከለከለች ይላሉ። ለመሆኑ ይህች አገር ስንት አፍ ነው ያላት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ቢያስቀንም የዋዛ አልነበረም። አሜሪካ በእርግጥም ሦስት አፍ አላት፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ። አንዱ የተናገረውን የሦስቱም ቃል አድርገን ስንወስደው ያለ ጊዜው እልል እንላለን፣ ወይም ያለ ምክንያት እንደነግጣለን። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዜና ላይ በየዕለቱ የምንሰማቸውን ቃላት በቅርብ በምናውቃቸው ጉዳዮች ላይ ተመሥርቼ ለማብራራት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕግ አውጪው

ኮንግረስ ማለት አንድ ምክር ቤት ሳይሆን የሁለት ምክር ቤቶች የጋራ ስም ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት የተከፋፈሉ 435 አባላት ሲኖሩት፣ ሁሉም በየ2 ዓመቱ ይመረጣሉ። ሴኔት ከ50ዎቹ ግዛቶች ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 100 አባላት አሉት፤ የሥራ ዘመናቸውም 6 ዓመት ነው። በጃንሆይ ዘመን የነበረውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚያስታውሱ አባቶች ሴኔትን ከእርሱ ጋር ያመሳስሉታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የዚያኛውን አባላት ንጉሡ ይሾሟቸው ነበር፣ የአሜሪካዎቹን ግን ሕዝቡ ይመርጣቸዋል።

የመንግሥት ካዝና ቁልፍ ያለው በኮንግረስ እጅ ነው። በ2016 የኦባማ አስተዳደር ከእስራኤል ጋር ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ የ38 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ሲፈራረም ብዙዎቻችን ገንዘቡ ያን ዕለት የተሰጠ መስሎን ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ኮንግረስ በበጀት ካላጸደቀው አንዲት ዶላር አትወጣም።

ሕግ አስፈጻሚው

እዚህ አገር በዕብራይስጥ የእስራኤልም ፕሬዚዳንት የአሜሪካም ፕሬዚዳንት «ናሲ» ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእኛው ናሲ የአገር ምልክት ነው፤ ሥልጣኑ ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። የአሜሪካው ግን ርእሰ ብሔርም፣ የመንግሥት መሪም፣ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥም ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የክነሴትን አመኔታ ካጣ ይወድቃል፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግን ኮንግረስ ስለጠላው ብቻ ከ4 ዓመቱ በፊት አይወርድም። ያለው መንገድ ኢምፒችመንት ነው። ይህም የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፣ ሴኔት ይፈርዳል፣ ከሥልጣን ለማውረድ ደግሞ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ሁለት ጊዜ ተከሰው ሁለቱንም ጊዜ በሴኔት ነጻ ወጥተዋል። ስለዚህ «ፕሬዚዳንቱ ኢምፒች ተደረጉ» ሲባል ተከሰሱ እንጂ ወረዱ ማለት አይደለም።

ሚኒስትሮቻቸው «ሴክሬታሪ» ይባላሉ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ የሚመስለው ሰው አለ። የጃንሆይን ጸሐፌ ትእዛዝ የሚያስታውስ ግን ጸሐፊ ተብሎ ታላቅ ባለሥልጣን መሆን እንደሚቻል ያውቃል።

ሕግ ተርጓሚው

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች አሉት። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ካልሞቱ፣ በፈቃዳቸው ካልለቀቁ ወይም በኢምፒችመንት ካልተነሡ በቀር የሚነካቸው የለም። ከ1803 ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ ሲያገኝ ይሽራል። እኛ ከባጋጽ ጋር ልናነጻጽረው እንችላለን፤ ሆኖም እስራኤል ያላት መሠረታዊ ሕጎች እንጂ እንደ አሜሪካ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት አይደለም።

ኢየሩሳሌም በሦስቱ አካላት ፊት

እንግዲህ ሦስቱም በአንድ ጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ እንመልከት። በ1995 ኮንግረስ የአሜሪካ ኤምባሲ ከቴል አቪቭ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲዛወር ሕግ አወጣ። ሴኔት 93 ለ5፣ የተወካዮች ምክር ቤት 374 ለ37 ነበር የወሰኑት። ፕሬዚዳንቱ አንድን ሕግ ካልፈለገ ቬቶ ማድረግ፣ ማለትም ሳይፈርም መመለስ ይችላል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቁት ግን ቬቶው ይሻራል። ያ ድምፅ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ስለነበረ ክሊንተን ቬቶ አላደረጉም፣ አልፈረሙምም። ፕሬዚዳንት ሳይፈርም ቀኑ ካለፈ ኮንግረስ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሕጉ ይጸናልና ይህኛውም ጸና።

ያን ጊዜ በየቤቱ ደስታ ሆነ። ኤምባሲው ግን አልተንቀሳቀሰም። ምክንያቱም በሕጉ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ለአገር ደኅንነት ሲል ለስድስት ወር ሊያቆየው ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረ። ይህ ዌይቨር ይባላል። ክሊንተን፣ ቡሽና ኦባማ በየስድስት ወሩ እየፈረሙ ዓመታት አለፉ።

በ2002 ደግሞ ኮንግረስ ኢየሩሳሌም የተወለደ አሜሪካዊ በፓስፖርቱ ላይ የትውልድ አገሩ እስራኤል ተብሎ እንዲጻፍለት የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። መንግሥት አልጽፍም ስላለ የአንድ ሕፃን ወላጆች ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 በ6 ለ3 ድምፅ ተፈረደ፤ የውጭ አገርን ሉዓላዊነት የማወቅ ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው ተባለ። ፍርዱ ኢየሩሳሌም የማን ናት የሚለውን አልነካም። የወሰነው፣ ይህን የሚናገረው ማን ነው የሚለውን ነው። ወላጆቹ ተሸነፉ። ነገር ግን ፍርዱ ያጸናው ይኸው ሥልጣን በዲሴምበር 2017 ትራምፕ ኮንግረስን ሳይጠይቁ ኢየሩሳሌም የእስራኤል ዋና ከተማ ናት ብለው እንዲያውቁ አስቻላቸው። ኤምባሲውም በሜይ 2018 ተከፈተ። ሕጉ ከወጣ ከ22 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በፊርማ የተሠራ በፊርማ ይፈርሳል

የውጭ ውል በአሜሪካ ሙሉ ክብደት የሚኖረው የሴኔቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ነው። የ2015ቱ የኢራን የኑክሌር ስምምነት በዚህ መንገድ አልቀረበም። ናታንያሁ ኮንግረስ ፊት ቆመው ቢቃወሙትም፣ 58 ሴናተሮች የተቃውሞ ውሳኔ እንዲያልፍ ቢፈልጉም፣ ክርክሩን ዘግቶ ድምፅ ለመስጠት 60 ያስፈልግ ስለነበር አልሆነም። ይህ በክርክር ማገጃ ዘዴ ፊሊበስተር ይባላል። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በፕሬዚዳንት ፊርማ ብቻ የቆመ ስለነበር በ2018 ሌላ ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ አገሪቱን አስወጣት።

የእኛ ታሪክ ምን ይላል?

ይህ ሁሉ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው የሚል ካለ ወደ 1985 እንመለስ። የሙሴ ዘመቻ ወሬው በመውጣቱ በጃንዋሪ ተቋረጠና ወገኖቻችን ሱዳን ውስጥ ቀሩ። መቶውም ሴናተሮች፣ አንድም ሳይቀር፣ ለፕሬዚዳንት ሬገን በምስጢር በጻፉት ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። ደብዳቤ ሕግ አይደለም፤ ሴናተርም አውሮፕላን አያዝም። ነገር ግን የተላከው አውሮፕላን ማዘዝ ለሚችለው ሰው ነበር። በማርች ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሱዳን ሄደው ከኒሜሪ ጋር ተነጋገሩ፤ በዚያው ወር የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው ወደ 500 የሚጠጉ ወገኖቻችንን ወደ እስራኤል አመጡ። ኒሜሪ ከሥልጣን የወረዱት በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ሕግ ረቅቆ፣ በሁለት ምክር ቤት ተከራክረውበት እስኪያልፍ ቢጠበቅ ኖሮ በሩ በተዘጋ ነበር።

ስለዚህ «አሜሪካ ወሰነች» የሚል ዜና ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የተናገረው ከሦስቱ አካላት የትኛው ነው? የተናገረው ሕግ ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ ፍርድ ነው ወይስ ደብዳቤ? ሊያቆመው የሚችለውስ ማን ነው? እኚያ አባት ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው አቤቱታ ያለው ሰው አስቀድሞ በሩን ይወቅ ነው የምትለኝ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም።

ቸር ወሬ ያሰማን።