ወፍራም ፊደል ጠላቴ አይደለም

ከጎንደር ወደ ደምቢያ ወርዶ ቆላ ድባ የሚገባን እንግዳ ከሰው ቀድሞ የሚቀበለው ታፔላ ነው። እኔንም የተቀበለኝ እሱ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በማስመሪያና በኮምፓስ የተሠራ የሚመስል ፊደል። ጠጋ ብዬ ሳነበው ግን «ምግብ ቢት» ይላል። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ «ቤ»ን ነው የጻፈው። ፊደሉ ከመወፈሩ የተነሣ ግን እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ቀዳዳዋ ተደፍኖ «ቢ» ሆና ቀርታለች።

አብሮኝ የነበረው ወዳጄ «ምን ቸገረህ፣ ምግቡ እንደሆነ ያው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሽሮ በፊደል አይበላሽም። ነገር ግን ያው ፊደል በመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ማንበብ ገና በጀመረ ልጅ ደብተር ላይም ይመጣል። ያን ጊዜስ?

ለመሆኑ ይህ ፋሽን ከየት መጣ? ፓውል ሬነር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1927 ፉቱራ የተባለውን የላቲን ፊደል ሲያወጣ መነሻው ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ተሳክቶለታል። የላቲኑ «ኦ» የቱንም ያህል ቢወፍር ያው «ኦ» ነው፤ አናባቢ የምትናገር ቅጥያ ከጎኑ የለችበትም። የእኛው 33 ፊደል ግን በሰባት ተባዝቶ 231 የሚደርሰው በነዚያ ጥቃቅን ቅጥያዎች ነው። «ቡ» ወገቧ ላይ፣ «ቢ» እግሯ ሥር፣ «ቤ» በቀለበቷ ትታወቃለች። ቀለበቷን የደፈነ ሰው አናባቢዋን ሰረቀ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ኮምፒዩተሩ አለ። ወፍራም ሆኖ ያልተሣለ ፊደል ሲያጋጥመው ባለባነሩ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ መሣሪያውም የፊደሉን ዳርቻ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እኩል ይነፋዋል። ይህ ማወፈር አይደለም፤ ማሳበጥ ነው። በዚህ ላይ ቦታ አነሰኝ ብሎ ከግራ ከቀኝ ይጨፈልቀዋል!

ወግ አጥባቂ ነህ የሚሉኝ አይጠፉም። «ዐ» ፍጹም ክብ ብትሆን፣ «ወ» ሁለት ክብ ብትሆን እኔ ምን ከፋኝ? ደማቅ ፊደልም ከባሕር ማዶ የመጣብን ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን የነበሩ ጸሐፍት «ጉልህ» የሚባለውን ትልቅ አጻጻፍ በብራና ላይ አሳምረውታል። ታዲያ የእነሱ የመቃ ብርዕ ቋሚውን ሲያወፍር አግዳሚውን ያቀጥነዋል፤ ለቀለበቷም መተንፈሻ ይተውላታል። የዛሬው ማስመሪያ ሁሉንም እኩል ካላወፈረ ደስ አይለውም።

ሰበብም የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፊደል ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ተሥሎ በነፃ ይገኛል። ባለባነሩ የሚጎድለው ከማተሙ በፊት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ ብቻ ነው።

እዚያው ቆላ ድባ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በብሩሽ የተጻፈ አሮጌ ቆርቆሮ አየን። ቀለሙ ለቋል፤ ጥጉ ዝጓል። «ቤ»ዋ ግን ከነቀለበቷ ትነበባለች። ገብተን ቡና ጠጣን።