ሖፌሽ ጋዶል ሲገባ



በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለክረምቱ ዝናብ ነው፤ እዚህ በዓፉላ ደግሞ ለበጋው ሐሩር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጁን 20፣ የአንደኛ ደረጃዎቹ ጁን 30 ትምህርት ይጨርሳሉ፤ የሚመለሱት ሴፕቴምበር 1 ነው። ሁለት ወር መጽሐፍ ያልገለጠ ልጅ፣ በተለይ ገና ማንበብ የጀመረው፣ ዓመቱን የለፋበትን ይረሳል።

በመጀመሪያ ተዑዳውን (የውጤት ወረቀቱን) አብራችሁት ተቀምጣችሁ እርሱ ራሱ ያንብብላችሁ። ያልገባችሁን ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ መምህሩን ጠይቁ። ደብተሮቹንም አትጣሉ፤ የከበደውን የሒሳብ ገጽ በበጋው ይድገመው።

ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ዕብራይስጥ ያንብብ። ማታ የአማርኛ ተራ ነው። ፊደላችን 33 ቤት፣ በእያንዳንዱ ቤት 7፣ በድምሩ 231 ነው። በቀን አንድ ቤት ያጠና ልጅ በ33 ቀን ይጨርሳል። አማርኛ በባግሩትም የሚፈተኑበት ትምህርት ስለሆነ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

«ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም» የምትሉ ወላጆችም አስተማሪዎች ናችሁ። ያደጋችሁበትን መንደር፣ የመጣችሁበትን መንገድ ንገሩት፤ እርሱ በዕብራይስጥ ይጻፈው። የአያቱን ቋንቋ የማይሰማ ልጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነውና።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!