ለበሩ በረኛ ምረጡለት

ተፍኪ ያደረ ሰው፥ መብራት ሲጠፋ የበቾ ሜዳ ጨለማ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያውቃል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ወይም ማልዶ ቢሮ የሚገባ ጸሐፊ፥ ከመኪና ባትሪ 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቬርተር በገዛ እጄ ልሥራ ቢል ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። እኔም በዚሁ ምኞት ተነሥቼ በአንድ ምሽት አራት ትራንዚስተር አቃጥያለሁ። ከደመወዜ የተረፈችውም አብራ ጤሰች። ጥፋቱ የትራንዚስተሩ አልነበረም፤ በረኛ ስላልቀጠርሁለት ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞስፌት የሚባለው የኃይል ትራንዚስተር «ጌት» የሚሉት በር አለው። ይህ በር እንደ ትንሽ እንስራ ነው፤ በኤሌክትሪክ ካልሞላ አይከፈትም፥ ካልተራገፈም አይዘጋም። በዝግታ የሞላ እንደሆነ ትራንዚስተሩ ግማሽ ክፍት ግማሽ ዝግ ሆኖ ይግላል። ይህችው ቅጽበት በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስትደጋገም ያቃጥለዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሩ 100 ናኖኩሎምብ ይፈልጋል እንበል። በ100 ናኖሴኮንድ እንዲሞላ 1 አምፔር ያሻዋል። የማይክሮኮንትሮለሩ እግር 20 ሚሊአምፔር ብቻ ብትሰጥ ግን 5 ማይክሮሴኮንድ ይፈጃል፤ መዘግየቱ 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ በመካከል «ጌት ድራይቨር» የሚባለው በረኛ ይቆማል።

በረኛ ስትመርጡ አራት ነገር መርምሩ።

1ኛ፥ ጉልበቱን። ስንት አምፔር ይሰጣል? ሲዘጋስ ስንት ይስባል?

2ኛ፥ ቮልቱን። ብዙዎቹ ሞስፌቶች በ10 እስከ 12 ቮልት ደኅና ይከፈታሉ፤ ከ20 ቮልት ሲያልፍ ግን የበሩ ስስ መስታወት ይበሳል። ባትሪው ሲደክም ሥራውን በራሱ የሚያቆም በረኛ ብልህ ነው።

3ኛ፥ የሚቆምበትን ቦታ። የታችኛውን ትራንዚስተር መክፈት ቀላል ነው። የላይኛው ግን በሩ ከባትሪው በላይ 10 ቮልት ያህል ይፈልጋል። እንደ አይ.አር. 2110 ያለው ድራይቨር ይህን በአንዲት ካፓሲተር ይወጣዋል፤ ካፓሲተሯ የምትሞላው የታችኛው ሲከፈት መሆኑን ግን አትርሱ።

4ኛ፥ ትዕግሥቱን። የላይኛውና የታችኛው በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ባትሪው በቀጥታ ይገናኛል፤ የእኔም አራቱ የሞቱት በዚሁ ነው። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ጥቂት ፋታ ያስፈልጋል። 2110 ይህን ፋታ ራሱ አይጠብቅም፤ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር መሥመር 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። የሎኮሞቲቮቹን ሞተር የሚያዙትም ትላልቅ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ እነርሱም ያለ በረኛ አይሠሩም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ ፊውዝ ሳታስገቡ አትሞክሩ፤ 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ትራንዚስተሩን ከመግዛታችሁ በፊትም በረኛውን ምረጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አላገኘሁ።